ጂዲቢ በአጭር የመደርደሪያ ኮድ ላይ ሲፈተን

ሲ ቋንቋን የሚማር ሰው ገና ከጅምሩ ከሚጽፋቸው ፈንክሽኖች አንዱ ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚደረድር ነው። ኮዱ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም፤ ሁለት ሉፕ፣ አንድ ንጽጽርና አንድ መለዋወጥ ነው ያለው። ሆኖም በዚህ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲ ቋንቋ ፕሮግራመርን የሚፈትንባቸው ነገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገኛሉ፤ ከአሬይ (በተከታታይ የተቀመጡ ዋጋዎች ስብስብ) ወሰን ማለፍ፣ ምልክት የሌለው ቁጥር ከዜሮ በታች እንዲወርድ ሲገደድ የሚያስከትለው መዘዝ፣ አሬይ ወደ ፈንክሽን ሲተላለፍ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ ብቻ) ሆኖ መጠኑን ማጣቱ፣ የኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ከመጠን ማለፍ። ስለዚህ አንድን ዲበገር፣ ማለትም ፕሮግራምን እያስቆሙ ውስጡን የሚመረምሩበትን መሣሪያ፣ ለመመዘን ከመደርደሪያ ፈንክሽን የተሻለ መፈተኛ ያለ አይመስለኝም።

እዚህ የምገመግመው ጂዲቢን ነው። ጂዲቢ የግኑ ፕሮጀክት ዲበገር ሲሆን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በሪቻርድ ስቶልማን ተጽፎ ከዚያ ወዲህ በብዙ እጆች ሲዳብር የኖረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለግምገማው በተጠቀምኩባቸው ፈንክሽኖች ውስጥ ያሉትን ስህተቶች ያስገባኋቸው ሆን ብዬ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ ሲታወቅ መሣሪያው ወደ መልሱ የሚያደርሰው በየትኛው መንገድ እንደሆነና የት ላይ እንደሚያዘገይ በግልጽ ይታያልና። ከጎኑም የሜሞሪ ስህተትን የሚይዙትን ሁለት መሣሪያዎች፣ አድረስ ሳኒታይዘርንና ቫልግራይንድን፣ አስቀምጬ አነጻጽሬዋለሁ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ጂዲቢ ስህተትን ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ አይደለም፤ ለተጠየቀው ጥያቄ በትክክል የሚመልስ መሣሪያ ነው። የመደርደሪያው ኮድ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ ምን መሆን እንዳለበት የሚያውቅና ያንን በጥያቄ መልክ የሚያቀርብ ሰው ከጂዲቢ የሚያገኘው አገልግሎት እጅግ ከፍተኛ ነው። ጥያቄ ሳይይዝ መስመር በመስመር የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ቁጥሮች አይቶ ምንም ሳይረዳ ሊነሳ ይችላል።

ከሥራው በፊት ኮዱን ኮምፓይል የምናደርግበት፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የምንለውጥበት፣ መንገድ ወሳኝ ነው። የዲበግ መረጃ የሚጨምረውን «-ጂ» የተባለውን አማራጭ ካልሰጠን ጂዲቢ የቫሪያብሎቹን ስምም ሆነ የኮዱን መስመር ማሳየት አይችልም። ኮዱ በ«-ኦ2» ደረጃ ከተሻሻለ ደግሞ ኮምፓይለሩ ቆጣሪዎቹን ስለሚያዋህዳቸው ወይም ጨርሶ ስለሚያስወግዳቸው፣ የቫሪያብሉን ዋጋ ስንጠይቅ በማሻሻያው ምክንያት እንደጠፋ የሚገልጽ መልስ ብቻ ይመጣል። ለዚህ ዓይነት ሥራ «-ኦ0» ወይም ለዲበግ ተብሎ የተዘጋጀው «-ኦጂ» ይበቃል።

የመጀመሪያው ፈተና ባብል ሶርት የተባለው የመደርደሪያ ዘዴ ነበር። አሬዩ አምስት ቁጥሮች ይዟል፤ 7፣ 3፣ 9፣ 1፣ 5። የውጪው ሉፕ ቆጣሪ «አይ» ከ0 እስከ 4 ይሄዳል፤ የውስጡ ቆጣሪ «ጄ» ደግሞ በኢንዴክስ (ከ0 ጀምሮ በሚቆጠር የቦታ ቁጥር) «ጄ» ላይ ያለውን አባል ከቀጣዩ ጋር እያነጻጸረ፣ የፊተኛው ከበለጠ ያለዋውጣቸዋል። ስህተቱ ያለው የውስጡ ሉፕ ማቆሚያ ላይ ነው። «ጄ» መሄድ ያለበት ከአባላቱ ብዛት ላይ «አይ» እና 1 ተቀንሰው ከሚቀረው ቁጥር እስካነሰ ድረስ ሲሆን፣ 1 መቀነሱ ተረስቷል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ዙር «ጄ» 4 ላይ ይደርስና ንጽጽሩ በኢንዴክስ 4 እና በኢንዴክስ 5 መካከል ይሆናል። ኢንዴክስ 5 ግን የአሬዩ ሳይሆን በሜሞሪ ውስጥ ከአሬዩ ቀጥሎ የሚገኝ የሌላ ነገር ቦታ ነው።

በዚያ ቦታ 0 ተቀምጦ ከሆነ ፕሮግራሙ 0፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ብሎ ያትማል። ላይ ላዩን ሲታይ በደንብ የተደረደረ ነው፤ ነገር ግን 9 ጠፍቷል፣ ማንም ያልሰጠው 0 ደግሞ ገብቷል። በዚያው ቦታ ከ9 የሚበልጥ ቁጥር ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ፍጹም ትክክል በሆነ፣ ስህተቱም ሳይታወቅ በኖረ ነበር። አንድ ፕሮግራም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ የሚበላሽበት፣ ወይም አንድ የማይገናኝ ቫሪያብል ሲጨመር ጠባዩ የሚለወጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ከአሬዩ ጎን የሚቀመጠው ነገር ተለውጧል ማለት ነው።

ጂዲቢ ለዚህ ስህተት የሚሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ብዙዎች የማይጠቀሙበት ቀላል ነገር ነው፤ መቁጠር። በንጽጽሩ መስመር ላይ ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ የሚያስቆም ምልክት፣ ይቀመጣል፤ ከዚያም «ኢግኖር» በተባለው ትእዛዝ ብሬክፖይንቱ የሚቀጥሉትን አንድ ሺህ ጊዜ ሳያቆም እንዲያልፍ ይደረጋል። ፕሮግራሙ ሮጦ ሲያበቃ የብሬክፖይንቶቹን ዝርዝር የሚያሳየው ትእዛዝ በዚያ መስመር ላይ ስንት ጊዜ እንደታለፈ ይናገራል። ለአምስት አባላት ትክክለኛው የንጽጽር ብዛት 4፣ 3፣ 2 እና 1 ተደምረው 10 ነው። ጂዲቢ ግን 15 ይላል። አንድም ቫሪያብል ሳናይ፣ አንድም መስመር ሳንራመድ የውስጡ ሉፕ በየዙሩ አንድ ጊዜ አብልጦ እንደሚሄድ አውቀናል። ይህን ዘዴ ሉፕ ላለበት ኮድ ሁሉ ከልቤ እመክራለሁ።

ቀጣዩ ጥያቄ የጠፋው 9 የት እንደሄደ ነው። እዚህ ላይ ጂዲቢ ከሲ ቋንቋ ጋር ምን ያህል እንደተዋወቀ ይታያል። «ፕሪንት» ከሚለው ትእዛዝ ጋር ኮከብ፣ የአሬዩን ስም፣ የ«@» ምልክትንና አንድ ቁጥር ስንሰጠው፣ ከአሬዩ መነሻ ጀምሮ ያን ያህል አባላት ያሳያል፤ አሬዩ ወደ ፈንክሽኑ ሲገባ ፖይንተር ሆኖ መጠኑን ማጣቱ አያግደውም። ቁጥሩን 5 ሳይሆን 6 ካደረግነው ከወሰኑ ያለፈውን ቦታም ጭምር እናያለን። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ የሚታየው 3፣ 7፣ 1፣ 5፣ 0፣ 9 ነው። 9 አልጠፋም፤ ከአሬዩ ወጥቶ ስድስተኛው ቦታ ላይ ተቀምጧል።

መቼ እንደወጣ ለማወቅ ዋችፖይንት ያስፈልጋል። «ዋች» የተባለው ትእዛዝ አንድ የሜሞሪ ቦታ ሲለወጥ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ኢንዴክስ 5 ላይ ዋች ስናደርግ ጂዲቢ የቀድሞው ዋጋ 0፣ አዲሱ ዋጋ 9 መሆኑን አሳይቶ ይቆማል፤ «ጄ»ን ስንጠይቀው 4 ይለናል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ተዘግቷል፤ ጥፋተኛው መስመርም ጥፋቱ የተፈጸመበት ቅጽበትም ታውቋል። አንድ ነገር ግን ጀማሪን ያደናግራል። ጂዲቢ የሚቆመው ለውጡ ከተፈጸመ በኋላ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር ብዙውን ጊዜ ለውጡን ያመጣው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ የሚሠራው ነው። ያንን የማያውቅ ሰው ንጹሑን መስመር ሲመረምር ይውላል። ሌላው ደግሞ በፈንክሽኑ ውስጥ በሚታወቅ ስም የተቀመጠ ዋችፖይንት ፈንክሽኑ ሲያበቃ ራሱ የሚሰረዝ መሆኑ ነው፤ ቦታው ከፈንክሽኑ በኋላም እንዲጠበቅ ከተፈለገ «-ኤል» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ስሙን ሳይሆን አድራሻውን እንዲከታተል ማድረግ ይገባል።

የዋችፖይንት ፍጥነት የሚወሰነው በሃርድዌሩ ነው። የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ለዚህ ሥራ የተመደቡ አራት የአድራሻ ሬጂስተሮች ስላሏቸው ጥቂት ቦታዎችን መከታተል ፕሮግራሙን አያዘገየውም። ቦታዎቹ ከዚያ ከበዙ ግን ጂዲቢ ፕሮግራሙን አንድ አንድ የማሽን ትእዛዝ እያራመደ ለመመልከት ሊገደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ በመቶዎች እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ መላውን አሬይ ለመከታተል መሞከር ጥሩ ሐሳብ አይደለም፤ የሚጠረጠረውን አንድ ቦታ መምረጥ ይሻላል።

አሁን ጂዲቢን እጅግ ከፍ አድርጌ እንድመለከተው ወዳደረገኝ ነገር ልለፍ። ማንኛውም የመደርደሪያ ዘዴ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ላይ እውነት ሆኖ መገኘት ያለበት አንድ ነገር አለው። በባብል ሶርት ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ትልቁ ቁጥር መጨረሻ ላይ፣ ከሁለተኛው በኋላ ሁለቱ ትልልቆች በመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች ላይ መሆን አለባቸው። እያንዳንዱን አባል ወደ ተገቢ ቦታው እያስገባ በሚደረድረው ኢንሰርሽን ሶርት ደግሞ የአሬዩ የፊተኛው ክፍል በእያንዳንዱ ዙር አንድ አባል እየጨመረ ሁልጊዜ የተደረደረ ነው። ጂዲቢ በብሬክፖይንት ላይ ሁኔታ ማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ በሁኔታው ውስጥም በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ ፈንክሽን መጥራት ይቻላል። ይህ ማለት አሬዩ እስከ አንድ ኢንዴክስ ድረስ መደርደሩን የሚያረጋግጥ አራት መስመር ፈንክሽን ጽፈን፣ በውጪው ሉፕ መጨረሻ ላይ «ካልተደረደረ ቁም» የሚል ብሬክፖይንት ማስቀመጥ እንችላለን ማለት ነው። ፕሮግራሙ ሺህ ዙር ቢሄድም እውነቱ በፈረሰበት የመጀመሪያ ዙር ላይ ብቻ ይቆማል።

ይሁን እንጂ መደርደሩን ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ከላይ ባየነው ባብል ሶርት የመጨረሻው ውጤት በቅደም ተከተል የተቀመጠ ስለሆነ ውጤቱን የሚመረምር ፈንክሽን ምንም ጥፋት አያገኝበትም። የሚጎድለው ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የወጡት ቁጥሮች የገቡት ቁጥሮች መሆናቸው ነው። ለዚህ ቀላሉ መመርመሪያ ድምር ነው። የመነሻው ድምር 25 ነው፤ ከስህተቱ በኋላ ያለው ድምር 16 ነው። «ድምሩ ከ25 ከተለየ ቁም» የሚለው ሁኔታ ፕሮግራሙን በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ፣ «አይ» ገና 0 ሳለ ያስቆመዋል። ድምር ሙሉ ማረጋገጫ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሁለት ስህተቶች ሊካካሱ ይችላሉ። በኢንሰርሽን ሶርት ደግሞ አባላቱ ወደ ቀኝ እየተገፉ ባሉበት ሰዓት አንዱ ቁጥር ከአሬዩ ውጪ በእጅ ተይዞ ስለሚቆይ ድምሩ ለጊዜው ይዛባል፤ ስለሆነም ጥያቄው መቅረብ ያለበት በዙሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚህ በተረፈ በሁኔታ የሚቆም ብሬክፖይንት በተነካ ቁጥር ፕሮግራሙ ቆሞ ጂዲቢ ሁኔታውን እስኪመዝን መጠበቁ የማይቀር ስለሆነ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አባላት ባሉበት አሬይ ላይ መዘግየቱ ይሰማል። ስህተቱን በትንሽ አሬይ ላይ ማሳየት ከተቻለ በትንሹ መሥራት ነው የሚበጀው።

ሁለተኛው ፈተና ኢንሰርሽን ሶርት ሲሆን ስህተቱ ይበልጥ የረቀቀ ነው። ቆጣሪው «ጄ» የተሰየመው ምልክት በሌለው የመጠን ዓይነት ነው። የውስጡ ሉፕ «ጄ» ከዜሮ እስከበለጠ ወይም እኩል እስከሆነ ድረስ እንዲሄድ ታዟል፤ ነገር ግን ምልክት የሌለው ቁጥር ከዜሮ በታች መሆን ስለማይችል ይህ ሁኔታ ምንጊዜም እውነት ነው። አሬዩ 6፣ 2፣ 8፣ 4 ይሁን፤ ከአሬዩ በፊት ባለው ቦታ ላይ ደግሞ 1000 ተቀምጦ ይሁን። 2ን ወደ ቦታው ለማስገባት 6 ወደ ቀኝ ይገፋል፤ «ጄ» ከ0 አንድ ሲቀነስበት በ64 ቢት ማሽን ላይ 18,446,744,073,709,551,615 ይሆናል። በዚህ ግዙፍ ኢንዴክስ የሚነበበው የአድራሻው ሒሳብ ዞሮ ስለሚመጣ ከአሬዩ በፊት ያለው ቦታ ነው። 1000 ከ2 ስለሚበልጥ እሱም ተገፍቶ ወደ አሬዩ ይገባል፤ ከ1000 በፊት ያለው ቦታ ከ2 የማይበልጥ ከሆነ ጉዞው እዚያ ይቆምና 2 ከአሬዩ ውጪ ይጻፋል። ፕሮግራሙ ሳይወድቅ በመጨረሻ 4፣ 1000፣ 6፣ 8 ያትማል።

የዙሩን እውነት የሚጠብቀው ብሬክፖይንት እዚህ በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ያስቆማል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አባላት 1000 እና 6 ናቸውና። «ጄ»ን ብንጠይቅ የሚመጣው 18,446,744,073,709,551,614 ነው። ቁጥሩ ለዓይን ትርጉም የለሽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ፕሪንት» ላይ ምልክት ያለው አስርዮሽ እንዲሆን የሚያዘውን «/ዲ» ብንጨምርበት -2 ይለናል። ቆጣሪው ከአሬዩ መነሻ በሁለት ቦታ ወደ ኋላ እንደሄደ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም። ማስተካከያው «ጄ»ን ከ«አይ» ጀምሮ፣ ከዜሮ እስከበለጠ ድረስ ብቻ እየሄደ ከእሱ በፊት ያለውን አባል እንዲያነጻጽር ማድረግ ነው። በእርግጥ ይህን ስህተት ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ራሱ ሊናገረው ይችል ነበር፤ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎችን የሚያበራው «-ደብሊው ኤክስትራ» አማራጭ ሲሰጠው ንጽጽሩ ምንጊዜም እውነት እንደሆነ ያስጠነቅቃል። የተለመደው «-ደብሊው ኦል» ብቻውን ግን ዝም ይላል።

እዚህ ላይ ጂዲቢን ከአድረስ ሳኒታይዘር ጋር ማነጻጸር ግድ ነው። አድረስ ሳኒታይዘር በጂሲሲና በክላንግ ኮምፓይለሮች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በአሬዮቹ ዙሪያ የተከለለ ቦታ እያስቀመጠ ማንኛውም ንባብ ወይም ጽሕፈት ወደዚያ ሲገባ ፕሮግራሙን ያቆማል። ከላይ የተገለጹትን ሁለቱንም ስህተቶች፣ በስታክ (የፈንክሽን ጊዜያዊ ቫሪያብሎች በሚቀመጡበት የሜሞሪ ክፍል) ላይ ባሉ አሬዮች ጭምር፣ ከወሰን ውጪ ገና የመጀመሪያው ንባብ ሲደረግ ይይዛቸዋል፤ የንባቡን መጠን አራት ባይት ብሎ፣ ፈንክሽኑንና መስመሩን ጠቅሶ፣ የትኛው ቫሪያብል ወሰን እንደታለፈ ጭምር ይናገራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውጤቱ በአጋጣሚ ትክክል ሆኖ ሲወጣ እንኳ ስህተቱን ያጋልጣል፤ ያን ማድረግ ከድምርና ከቅደም ተከተል ጥያቄዎች አቅም በላይ ነው። የሚያስከፍለው መዘግየትም በተለመደው ሁኔታ ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሜሞሪ ስህተት መጀመሪያ መሮጥ ያለበት እሱ እንደሆነ ያለ ማመንታት እናገራለሁ።

ቫልግራይንድ ግን በዚህ ሥራ ላይ ሁለተኛም አይሆንም። ሜምቼክ የተባለው ዋናው መሣሪያው ፕሮግራሙን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ያህል ያዘገያል፤ በስታክ ላይ ወይም በስታቲክ ቦታ ላይ ያለ አሬይ ወሰኑ ሲታለፍም አያውቅም። የሚያየው ማሎክ በተባለው ፈንክሽን ተጠይቆ የተገኘ ሜሞሪ ሲሆን ነው። በትምህርት ላይ የሚጻፉ የመደርደሪያ ፕሮግራሞች ደግሞ አሬያቸውን በአብዛኛው በስታክ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ እናም ቫልግራይንድ ምንም ስህተት አላገኘሁም ማለቱ በዚህ ጉዳይ ላይ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሳኒታይዘሩና ጂዲቢ አብረው ሲሠሩ ውጤቱ ያምራል። ሳኒታይዘሩ ስህተት ሲያገኝ ፕሮግራሙን በመደበኛ መንገድ ከማስወጣት ይልቅ የአቦርት ምልክት እንዲልክ በአማራጮቹ ውስጥ ካዘዝነው ጂዲቢ እዚያው ይይዘዋል፤ «ባክትሬስ» የጥሪዎቹን ሰንሰለት ያሳያል፤ «አፕ» እያልን ከሳኒታይዘሩ ፈንክሽኖች ወጥተን ወደ መደርደሪያው ፈንክሽን ስንደርስ «አይ»ም «ጄ»ም መላው አሬይም ጥፋቱ በተፈጸመበት ቅጽበት እንዳሉ ይጠብቁናል።

ሜሞሪን የማይነካ የአስተሳሰብ ስህተት ሲመጣ ግን አድረስ ሳኒታይዘር ዝም ይላል፣ ጂዲቢ ደግሞ ቦታውን ያገኛል። በሲ ስታንዳርድ ላይብረሪ ውስጥ ባለው ኪውሶርት በተባለ የመደርደሪያ ፈንክሽን የሚጠቀም ሰው የንጽጽር ፈንክሽን መጻፍ አለበት፤ ፈንክሽኑ የመጀመሪያው ካነሰ አሉታዊ፣ እኩል ከሆኑ ዜሮ፣ ከበለጠ አዎንታዊ ቁጥር ይመልሳል። ብዙዎች ይህን የሚያሳጥሩት ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በመቀነስ ነው። ለትንንሽ ቁጥሮች ይሠራል። 2,147,483,647ን ከ-1 ጋር ለማነጻጸር ሲሞከር ግን ልዩነቱ በ32 ቢት ኢንቲጀር ውስጥ አይገባም። ስታንዳርዱ ለዚህ ሁኔታ ምንም ዋስትና አይሰጥም፤ ሳይሻሻል ኮምፓይል በተደረገ ኮድ ላይ በተለመደው ሁኔታ የሚታየው ግን -2,147,483,648 ነው፤ ማለትም ትልቁ ቁጥር ከትንሹ ያንሳል ተብሎ ይመለሳል። በንጽጽር ፈንክሽኑ ላይ ብሬክፖይንት አስቀምጠን «ፊኒሽ» ስንል ጂዲቢ ፈንክሽኑን አስጨርሶ የተመለሰውን ዋጋ ያሳየናል፤ ምልክቱ የተገለበጠ መሆኑም ወዲያው ይታያል። የሚያስቸግረው የፈንክሽኑ ግብዓቶች ዓይነታቸው ያልታወቀ ፖይንተሮች መሆናቸው ነው፤ በቀጥታ ብንጠይቃቸው ጂዲቢ አይፈታቸውም፤ ወደ ኢንቲጀር ፖይንተር ለውጦ እንዲያነባቸው በግልጽ መንገር ያስፈልጋል። የኢንቲጀርን ከመጠን ማለፍ በራሱ የሚናገር ሌላ ሳኒታይዘር፣ ማለትም አንዲፋይንድ ቢሄቪየር ሳኒታይዘር፣ መኖሩን እዚህ መጥቀስ ተገቢ ነው።

በመደርደሪያው ፈንክሽን ውስጥ የአባላቱን ብዛት የአንድን ነገር መጠን በባይት በሚናገረው «ሳይዝኦፍ» ለማስላት መሞከር ሌላው የታወቀ ስህተት ነው። በ64 ቢት ማሽን ላይ የፖይንተሩ 8 ባይት ለአንድ ኢንቲጀር 4 ባይት ሲካፈል 2 ስለሚሆን የሚደረደሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አባላት ብቻ ናቸው፤ 7፣ 3፣ 9፣ 1፣ 5 ገብቶ 3፣ 7፣ 9፣ 1፣ 5 ይወጣል። ጂሲሲ ማስጠንቀቂያዎቹ ከበሩለት ይህን ራሱ ስለሚናገር ለጂዲቢ የሚቀር ሥራ የለም።

ስለ አጠቃቀሙ ምቾት ሲነሳ የማመሰግነውም የማዝንበትም አለ። ትእዛዞቹ ማጠር መቻላቸው፣ ምንም ሳይጻፍ ኢንተር ሲጫን የመጨረሻው ትእዛዝ መደገሙ፣ «ዲስፕሌይ» የተባለው ትእዛዝ አሬዩን በቆመ ቁጥር ራሱ ማሳየቱ ሥራውን ያቀላጥፋሉ። ኮዱን ከላይ፣ ትእዛዙን ከታች የሚያሳየው የጽሑፍ ገጽታም ለሉፕ በጣም ይመቻል፤ ብቻ ፕሮግራሙ ራሱ በስክሪኑ ላይ ሲያትም ገጽታው ስለሚበላሽ በየጊዜው ማደስ ያስፈልጋል። ረጅም አሬይ ሲታይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጂዲቢ ካልታዘዘ በስተቀር ከ200 አባላት በላይ አያሳይም፤ ተከታታይ የሆኑ ተመሳሳይ ዋጋዎች 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆኑም አንዴ ጽፎ ስንት ጊዜ እንደተደገሙ ብቻ ይናገራል። ለመደርደር ሥራ፣ በተለይ ብዙ እኩል ቁጥሮች ባሉበት፣ ይህ አጻጻፍ ኢንዴክሶቹን በዓይን መቁጠር ስለሚያስቸግር ሁለቱንም ወሰኖች ማስተካከል ይሻላል። የእርዳታው ጽሑፍ ሰፊና ትክክለኛ ነው፤ የተጻፈው ግን የትእዛዙን ስም አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ጀማሪ ከሚፈልገው ነገር ተነስቶ ወደ ትእዛዙ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ ጉድለት ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ከጂዲቢ በብዙ የሚጠቀሙት ጀማሪዎች ሆነው ሳለ ተስፋ ቆርጠው የሚተዉትም እነሱ ስለሆኑ ነው።

በመጨረሻ ወደ ኋላ መሄድ መቻሉን ላንሳ። ከሥሪት 7.0 ጀምሮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ወዲህ ማለት ነው፣ ጂዲቢ የፕሮግራሙን ጉዞ መዝግቦ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። ለመደርደሪያ ኮድ ይህ ከፍተኛ ጥቅም አለው፤ ስህተቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ሲሆን የተፈጸመው ግን ቀደም ብሎ ነውና። በመጀመሪያው ምሳሌ ፕሮግራሙ ከደረደረ በኋላ ቆመን ኢንዴክስ 5 ላይ 9 መቀመጡን እናያለን፤ በዚያ ቦታ ላይ ዋች አድርገን «ሪቨርስ ኮንቲኒው» ስንል ጉዞው ወደ ኋላ ተመልሶ 9 ወደ 0 በሚለወጥበት፣ ማለትም 9 በተጻፈበት መስመር ላይ ይቆማል። ከየት እንጀምር ብሎ መገመት አያስፈልግም። ገደቡ መዝገቡ ነው። ሙሉው የምዝገባ ዘዴ ካልተለወጠ በቀር 200,000 የማሽን ትእዛዞችን ብቻ ይይዛል፤ ፕሮግራሙንም እጅግ ያዘገየዋል፤ ሊመዘግባቸው የማይችላቸው የፕሮሰሰር ትእዛዞችም ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ስለዚህ ምዝገባውን ከፕሮግራሙ መነሻ ሳይሆን ወደ መደርደሪያው ፈንክሽን ሲገባ መጀመርና ውጤቱ ከመታተሙ በፊት ፈንክሽኑ ሲያበቃ መቆም ይገባል፤ በአሥር ወይም በሃያ አባላት አሬይ ላይ መዝገቡ ከበቂ በላይ ነው።